ትዳር ይዞ አርባውን ያለፈ ወንድና የደበቀው ስሜት፦ ነገሩ ከየት ይመጣል፣ ምንስ ይሻላል?

ይሄን የምፅፈው ሁለት ሰው አስቤ ነው። አንዱ እዚህ ጎጃም ውስጥ፣ ማርቆስም ይሁን ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላም ይሁን ቢቸና፣ ሚስት አግብቶ ልጆች ወልዶ እድሩን እየከፈለ ማህበሩን እየጠጣ አርባውን ያለፈ፣ ሰው "አያ እገሌ" ብሎ የሚያከብረው፣ ግን ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ጣራ ጣራ የሚያይ ወንድ ነው፣ ልቡ ወደ ወንድ እንደሚሳብ ደግሞ ለራሱ እንኳ አፍ አውጥቶ ተናግሮ አያውቅም። ሁለተኛዋ ሚስቱ ናት፣ ባሏ አጠገቧ ተኝቶ ሩቅ የሆነባት፣ ምን እንዳጠፋች የማታውቅ። ስለዚህ ነገር በኛ ቋንቋ የሚነገረው ብዙው ወይ ስድብ ነው ወይ እርግማን፣ ተረጋግቶ ነገሩ ምንድነው ምን ይሻላል የሚል ሰው ትንሽ ነው፣ ሁለቱም ዝም እንዳሉ ያልቃሉ። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ስለዚ በሚገባኝ ልክ ላስረዳ።

መጀመሪያ ሁሉም የሚጠይቀውን ልመልስ፣ "እስካሁን ደህና ነበርኩ፣ በዚህ እድሜዬ ይሄ ከየት መጣብኝ?" የሚለውን። እድሜው ስሜቱን አይፈጥረውም። እድሜው የሚያደርገው ስሜቱን ሸፍኖ የያዘውን ነገር መቀነስ ነው። በጋ ላይ ጣና ሲጎድል ዳር ዳሩን ድንጋይ ብቅ ብቅ ይላል አይደል፣ ድንጋዩ ክረምትም እዛው ነበር፣ የጎደለው ውሃው ነው።

አሁን ይሄ ሚድላይፍ ክራይሲስ፣ የእድሜ አጋማሽ ቀውስ፣ የሚሉትን ነገር እንይ። ስሙን ያወጣው ኤልዮት ዣክ የሚባል ካናዳዊ የስነልቦና ተንታኝ ነው፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ባወጣው ፅሁፍ። ሰውየው ከ300 በላይ ሰዓሊዎች፣ ገጣሚዎች፣ የሙዚቃ ሰዎች ህይወታቸው እንዴት እንደሄደ አይቶ፣ ሰላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ሲደርሱ የብዙዎቹ ነገር ይናጋል አለ፣ አንዳንዱ ስራው ይቆማል፣ አንዳንዱ ገና ይጀምራል፣ አንዳንዱም ይሞታል። ምክንያቱን ሲያስረዳ ደግሞ ሞትን ያነሳል። ሰው እስከዛ ድረስ ሞትን የሚያውቀው በሌላ ሰው ነው፣ ቀብር ይሄዳል ይመለሳል፣ አንድ ቀን ግን ለኔም ነው፣ የቀረኝም ካለፈው ያንሳል ብሎ ያምናል፣ ያኔ የኖርኩት ህይወት የኔ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። በኋላ ግን አሜሪካኖች ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ጎልማሶችን ሲያጠኑ ነገሩ የሁሉም ሰው እጣ አይደለም፣ ቀውስ ገጥሞኛል ያለው ከአራት ሰው አንዱ ገደማ ነው፣ ከነዛም ውስጥ ብዙዎቹ ያናጋቸው አንድ የደረሰባቸው ነገር ነው እንጂ እድሜ ብቻውን አይደለም፣ ፍቺ፣ ስራ ማጣት፣ ህመም፣ የወላጅ ሞት።

እኛ ጋ ደግሞ እነዚህ ነገሮች አርባዎቹ ላይ ነው የሚከማቹት። አባት ይሞታል፣ ተዝካሩ ይወጣል፣ ከዛ ቀን ጀምሮ የቤቱ ትልቅ ሰው አንተ ነህ። የመጀመሪያዋ ልጅ ትዳራለች ወይ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ትሄዳለች። ስኳርና ደም ግፊት ብቅ ይላሉ። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ጦርነቱ ተጨምሮበታል፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ትምህርት ቤት ቆሞ፣ ኢንተርኔቱ ለወራት ጠፍቶ፣ ነጋዴው ሳይነግድ መምህሩ ሳያስተምር ቤቱ የተቀመጠበት ጊዜ ነበር፣ ሰው ከራሱ ሀሳብ ጋር የተፋጠጠበት። ስራ በሚበዛበት ጊዜ ያልተሰማ ነገር እንደዛ ባለ ጊዜ ጮክ ብሎ ይሰማል።

እስቲ ወደኋላ ሄደን የዚህን ሰው ትዳር እናስብ። አሁን አርባ አምስት አርባ ስምንት የሆነው የገጠር ሰው ሲያገባ ሚስቱን የመረጡለት ቤተሰቦቹ ናቸው፣ ጥሎሽ ተነጋግረው፣ ዘር ቆጥረው፣ ጥር ላይ ዳስ ጥለው። "ማንን ትወዳለህ" ብሎ የጠየቀው የለም፣ እሷንማ ማን ጠይቋት፣ ብዙ ጊዜ ገና ልጅ ነበረች። ከዛ ወዲያ ማረስ ነው፣ ማጨድ መውቃት፣ ልጅ መውለድ፣ ልጅ ማሳደግ፣ ከተማ ከገባም ደሞዝ ማብቃቃትና ቤት መስራት ነው። በዚህ መሀል የራሱን ስሜት ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ጥቂት ነው፣ ትዳር ግዴታ ነው፣ ግዴታውን ደግሞ ተወጥቶታል። ስለዚ ሃያ አመት ሙሉ ዋሽቷል ማለት አይቻልም፣ ብዙዎቹ ጥያቄውን ለራሳቸው አንስተውት አያውቁም። ወደኋላ ሲያስብ ግን ምልክቶች ያገኛል፣ ስምንተኛ ክፍል አብሮት ያጠና የነበረ ልጅ ትምህርት ቤት ሲቀይር ለምን ያን ያህል እንዳለቀሰ፣ የቅርብ ጓደኛው ሲዳር ሚዜ ሆኖ እየጨፈረ ለምን ውስጡ እንደተቃጠለ፣ ከሚስቱ ጋር ሲሆን ለምን ሁልጊዜ ሌላ ነገር ማሰብ እንዳስፈለገው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቶሎ ልበል፣ ሰው እንዳይሳሳት። እኛ ጋ ወንድ ለወንድ እጅ ተያይዞ መሄድ፣ አንገት ላንገት መተቃቀፍ፣ እንግዳ ሲበዛ አንድ መደብ ላይ ማደር ጓደኝነት ነው፣ ወንድማማችነት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ይሄን ፅሁፍ አንብቦ ጓደኞቹን መጠርጠር የሚጀምር ሰው እንዳይኖር፣ በጥርጣሬ ብቻ የሰው ህይወት ይበላሻል።

ሶስት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፣ ሰው የሚጠፋው እነዚህን አንድ ላይ ሲያደባልቅ ነውና። አንዱ መሳብ ነው፣ ልብና አካል ወደማን ይሄዳል የሚለው፣ ይሄን ሰው አይመርጠውም። ሁለተኛው ድርጊት ነው፣ ምን አደረገ የሚለው፣ ይሄ ላይ ምርጫ አለ። ሶስተኛው ሰውየው ራሱን ማን ብሎ ይጠራል የሚለው ነው። ሶስቱ ሁልጊዜ አይገጥሙም። ወደ ወንድ እየተሳበ እድሜውን ሙሉ ወንድ ነክቶ የማያውቅ አለ፣ እስር ቤት ውስጥ አድርጎት ሲወጣ ወደ ሴት ብቻ የሚመለስ አለ፣ ሁለቱንም የሚወድ አለ፣ ለራሱ ምንም ስም መስጠት የማይፈልግም አለ። አልፍሬድ ኪንሴይ የሚባል ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ የእንስሳት ተመራማሪ በ1948 እ.ኤ.አ. ከ5 ሺህ በላይ አሜሪካዊ ወንዶችን አነጋግሮ ከ0 እስከ 6 የሚሄድ መለኪያ አወጣ፣ 0 ሙሉ በሙሉ ወደ ሴት፣ 6 ሙሉ በሙሉ ወደ ወንድ፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው አለ አለ። ሰዎቹን የመረጠበት መንገድ በኋላ ብዙ ትችት ገጥሞታል፣ ቁጥሮቹን እንዳሉ መውሰድ ልክ አይሆንም፣ ግን ነገሩ ጥቁርና ነጭ ብቻ አይደለም የሚለው ሀሳቡ እስካሁን ቆሟል።

ይሄ ለባለትዳሩ ለምን ይጠቅመዋል? ብዙው ሰው "ወደ ወንድ ከተሳብኩ ሚስቴን ወድጃት አላውቅም ማለት ነው፣ ትዳሬ ሁሉ ውሸት ነበር" ብሎ ይደመድማልና። እንደዛ ላይሆን ይችላል። የልጆቹን እናት ከልቡ የሚወድ፣ ስትታመም የሚጨነቅ፣ ያለሷ ቤቱ ቤት የማይመስለው ሰው ስጋው ግን ወደ ሌላ ሊሄድ ይችላል። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን እውነት ለማመን ሌላውን መሰረዝ የለበትም፣ ግን አብሮ መያዝ በጣም ይከብዳል፣ ያደክማል፣ እና ድካሙ በአረቄ ወይ በቁጣ ይወጣል። ሚስቱ የምታየው ያንን ነው፣ ስራ ላይ ቆየሁ እያለ የሚያመሽ፣ በትንሹም የሚቆጣ፣ ልጆቹን የሚሸሽ፣ ስልኩን የማያስነካ ሰው።

ግን ደግሞ "ወደ ወንድ ነው መሰለኝ" የሚል ሀሳብ የመጣበት ሁሉ እንደዛ ነው ማለት አይደለም፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ሰው ያለአግባብ የሚሰቃየው እዚህ ጋ ነው። አንድ የጭንቀት በሽታ አለ፣ የማይፈልጉት ሀሳብ እየተመላለሰ አእምሮን የሚይዝበት፣ ኦሲዲ ይሉታል። አንዳንዱ ሰው እጁ ንፁህ ስለማይመስለው ሲታጠብ ይውላል፣ አንዳንዱ በሩን ዘጋሁ አልዘጋሁ እያለ አስር ጊዜ ይመለሳል፣ አንዳንዱን ደግሞ "ወንድ የምወድ ብሆንስ" የሚል ሀሳብ ይይዘዋል። ይሄ ሰው ፍላጎት የለውም፣ ያለው ፍርሃት ነው። ወንድ ባየ ቁጥር ውስጡን ይፈትሻል፣ ተሰማኝ አልተሰማኝ እያለ ሰውነቱን ይጠብቃል፣ ማረጋገጫ ይፈልጋል፣ ሲያገኝ ለአንድ ሰአት ይረጋጋና ተመልሶ ይይዘዋል። እውነተኛ ስሜት ያለው ሰው ቢያፍርበትም ቢጠላውም ከስር የሆነ ደስታ ወይ ናፍቆት አለ፣ የዚህኛው ግን ጭንቀት ብቻ ነው። ይሄ ህክምና አለው፣ በምክርም በመድሃኒትም ይቀንሳል።

ሌላው የድብርት ህመም ነው። ድብርት ውስጥ ያለ ሰው የሚስቱ ጠረን ያስጠላዋል፣ መኝታ ያስጠላዋል፣ ሁሉም ነገር ጣእም ያጣበታል፣ ከዛ "ሴት አልፈልግም ማለት ነው እንግዲህ" ብሎ ራሱን ይከሳል። ስኳር ህመምም ደም ግፊትም የወንድነትን አቅም ይቀንሳሉ፣ አርባ አምስት አመት ሞልቶት ከሚስቱ ጋር አልሆን ያለው ሰው መጀመሪያ ደሙን ይመርመር። ድንገት በአንድ ወር ውስጥ ባህሪው ተቀይሮ፣ እንቅልፍ ትቶ፣ ገንዘብ እየበተነ፣ ከማንም ጋር ልሁን የሚል ሰው ካለ ደግሞ ያ ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ህመም ከፍታ ሊሆን ይችላል፣ ፓርኪንሰን ለሚባለው ሰውነት የሚያንቀጠቅጥ ህመም የሚሰጡ አንዳንድ መድሃኒቶችም እንደዛ ያደርጋሉ፣ ለሀኪም መንገር ግድ ነው።

በልጅነቱ የተደፈረ ወንድም አለ። ይሄን ጉዳይ ማንም አያነሳውም፣ ለወንድ ልጅ ከሴት ልጅ በላይ ማፈሪያ ተደርጎ ስለሚታይ። አንድ ነገር ይታወቅ፣ በዛ ሰአት አካል ራሱ በራሱ መልስ ሊሰጥ ይችላል፣ ያ ማለት ልጁ ፈልጎታል ማለት አይደለም። ሰላሳ አመት ሙሉ "አካሌ ስለተነሳ የኔም ጥፋት አለበት" እያለ የሚኖር ሰው ካለ ጥፋት የለብህም ወንድሜ፣ ልጅ ነበርክ። በሌላ በኩል ወደ ወንድ የሚሳብ ሁሉ በልጅነቱ ተጠቅቷል ማለትም ስህተት ነው፣ ብዙዎቹ ማንም ነክቷቸው አያውቅም፣ ከተጠቁትም ብዙዎቹ ወደ ሴት ብቻ የሚሳቡ ሆነው ነው ያደጉት።

ታዲያ መሳቡ ራሱ ከምን ይመጣል? አንድ ብቻውን የሚያስረዳ ምክንያት አልተገኘም። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ከ470 ሺህ በላይ ሰዎችን ያየ የዘረመል ጥናት አንድ ብቻውን የሚወስን ጂን የለም፣ ብዙ ትንንሽ የዘር ተፅእኖዎች አሉ፣ ከነሱ ሌላ ደግሞ ሌላ ብዙ ነገር አለ የሚል ውጤት ነው ያመጣው። የአሜሪካ የስነአእምሮ ሀኪሞች ማህበር በ1973 እ.ኤ.አ. ከበሽታ ዝርዝር አውጥቶታል፣ የአለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ1990። ስለዚ ሀኪም ቤት የሄደ ሰው ለዚህ የሚሰጠው መድሃኒት የለም፣ መድሃኒቱ ለድብርቱና ለጭንቀቱ ነው።

"ይለወጣል ወይ" የሚለውም ይነሳል፣ ሰውየው ራሱ በእንባ የሚጠይቀው ነው። ሮበርት ስፒትዘር የሚባል ስመጥር አሜሪካዊ የስነአእምሮ ሀኪም በ2003 እ.ኤ.አ. አንዳንድ ሰዎች ተለውጠዋል የሚል ጥናት አሳተመ፣ ጥናቱ የተመሰረተው ሰዎቹ በስልክ ስለራሳቸው በተናገሩት ላይ ነበር፣ በ2012 ራሱ ጥናቱ ልክ አልነበረም ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል የሚባለው በፀሎትና በምክር እንለውጣለን ይል የነበረ ትልቅ የክርስቲያኖች ድርጅት ደግሞ በ2013 መሪው ይቅርታ ጠይቆ ተዘጋ። የዚህ ድርጅት ሰዎች ይለወጣል የሚለውን ሀሳብ የሚጠሉ አልነበሩም፣ ለመለወጥ ከልባቸው የሞከሩ ናቸው፣ ለዛ ነው ቃላቸው የሚከብደው።

ሀይማኖቱን ሳልነካ ማለፍ አልችልም፣ ጎጃም ነን። ቤተክርስቲያን ድርጊቱን ኃጢአት ትላለች፣ ይሄ የታወቀ ነው፣ እኔ እዚህ የምከራከረው ነገር የለም። ግን ሀሳብ መጣብኝ ማለትና አደረግኩ ማለት በንስሐም ቢሆን አንድ አይደሉም። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ ሰላም የሚያገኝ አለ፣ የጀመረውን የድብርት መድሃኒት ግን አያቁም፣ ሁለቱ አይጣሉም። ማሰርና መግረፍ ግን የማንንም ስሜት ቀይሮ አያውቅም፣ የሚጨምረው ቁስል ነው።

አሁን አንድ የማምንበትን ነገር ረገጥ አድርጌ ልናገር። ወንድ ልጃቸው "ልዩ ነገር አለው" ብለው የጠረጠሩ ቤተሰቦች "እንዳርለትና ይስተካከላል" የሚሉት ነገር ግፍ ነው። በልጁም ግፍ ነው፣ ግን ከሱ በላይ በዛች በማታውቀው ልጅ ላይ። እሷ መድሃኒት አይደለችም። እሷም የሚፈልጋት፣ ሲያያት ደስ የሚለው ባል ይገባት ነበር። አርባ አምስት አመት ላይ ለሚፈርሰው ትዳር ሩቡን ጥፋት እንኳ ያኔ ዳስ የጣሉት ሰዎች ሲወስዱ አይቼ አላውቅም።

ህጉን በአጭሩ። የኢትዮጵያ የወንጀል ህግ፣ የ1996ቱ፣ ከአንቀፅ 629 እስከ 631 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈፀም ድርጊትን ወንጀል ያደርጋል፣ ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው፣ የሌላውን ችግር ተጠቅሞ ያደረገ ወይ ሙያው ያደረገ ከሆነ እስከ 10 አመት ፅኑ እስራት ይሄዳል፣ ከልጅ ጋር ከሆነ ደግሞ ከዛም ይከብዳል፣ መክበድም አለበት። ህጉ የሚቀጣው ድርጊቱን ነው፣ በልብ ውስጥ ያለ ስሜት ወንጀል አይደለም፣ ለሀኪም ወይ ለነፍስ አባት "እንዲህ ይሰማኛል" ማለትም ወንጀል አይደለም። ይሄን የማያውቅ ሰው ምክር ለመጠየቅ ይፈራል። ከህጉ በላይ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ስልክ ላይ ያለው ነገር ነው። ብቸኛ የሆነ ጎልማሳ ማታ ቴሌግራም ላይ ከማያውቀው ሰው ጋር ያወራል፣ ፎቶ ይላካል፣ ከዛ "ለሚስትህ እልካለሁ፣ ለመስሪያ ቤትህ እልካለሁ፣ ይሄን ያህል ብር አስገባ" ይመጣል። አንዴ የከፈለ ደግሞ አይለቁትም። እንደዛ የገጠመው ሰው አይክፈል፣ የተላከለትን ሁሉ ፎቶ አንስቶ ያስቀምጥ፣ ሰውየውን ይዝጋው፣ እና ብቻውን አይቀመጥ። አንዳንዱ ሰው ራሱን ለማጥፋት የሚያስበው ዛቻው በመጣበት ሰሞን ነው፣ ያ ሰሞን ሲያልፍ ግን ነገሩ ይቀላል፣ ፎቶው ቢወጣ እንኳ ህይወት ይቀጥላል።

ወደ ሚስቱ ልምጣ። እህቴ፣ ባልሽ እንዲህ መሆኑን በሆነ መንገድ ካወቅሽ፣ ነግሮሽም ይሁን ስልኩን አይተሽ፣ መጀመሪያ የሚመጣብሽ "እኔ ምን ጎደለኝ" የሚለው ነው። ከወለድኩ በኋላ ሰውነቴ ተበላሽቶ ነው፣ ጭስ ጭስ ስለምሸት ነው፣ ከተሜ ስላልሆንኩ ነው ትያለሽ። በፍፁም። ይሄ ካንቺ በፊት የነበረ ነገር ነው፣ የአለም ቆንጆ ብትሆኚም አይቀይረውም ነበር። ሁለተኛው የሚመጣው ንዴት ነው፣ እሱ ትክክል ነው፣ ሃያ አመት ስትለፊ ኖረሻልና። ሶስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፣ ምስጢሩ ወዳንቺ ይዞራል። ትናንት እሱ ብቻውን የሚሸከመውን ዛሬ አንቺ ትሸከሚዋለሽ፣ ለእናትሽ አትነግሪ፣ ለጎረቤት አትነግሪ፣ ቡና ላይ ሰው ስለ ባሉ ሲያወራ አንቺ ዝም ትያለሽ። ሆድ ይፍጀው እያልሽ እስከ መቼ? ለአንድ ሰው መንገር አለብሽ፣ አንድ ብቻ፣ ያውም አፉ የታመነ። አገር ካወቀው ጉዳቱ በሱ ብቻ አይቆምም፣ ልጆችሽ ትምህርት ቤት ይሰደቡበታል፣ አንዳንዴም ሰው ይደበደባል።

ጤናሽን ግን በይሉኝታ አትተይው። ባልሽ ከሌላ ሰው ጋር ከነበረ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራ አድርጊ። ጤና ጣቢያ ይመረመራል፣ ቢገኝም ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤችአይቪ መድሃኒት በነፃ ነው፣ በደንብ የወሰደ ሰው እድሜውን ይኖራል። አንተም ወንድሜ፣ ሌላውን ሁሉ ምስጢር ልትይዝ ትችል ይሆናል፣ ይሄን ግን መያዝ አትችልም። ከሌላ ሰው ጋር ኮንዶም ሳትጠቀም ከሆንክ ሚስትህን ሳትመረመር አትንካት፣ አለቀ። እኔ ሰውን በስሜቱ አልፈርድበትም፣ በዚህ ግን እፈርዳለሁ።

ልንገራት ወይስ አልንገራት የሚለው በጣም ከባድ ነው። ስሜት ብቻ ኖሮ ምንም ያላደረገ ሰውና በድብቅ ሌላ ህይወት የሚኖር ሰው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው መጀመሪያ ከራሱ ጋር፣ ከዛ ከባለሙያ ጋር ተነጋግሮ ቀስ ብሎ መወሰን ይችላል። ሁለተኛው ግን በየቀኑ እየወሰነላት ነው፣ በጤናዋም በእድሜዋም፣ እሷ ሳታውቅ፣ ስለዚ ወይ ማቆም ወይ መንገር አለበት። የሚነግር ሰው ጠጥቶ አይንገር፣ ተጣልተው አይንገር፣ ልጆች ባሉበት፣ ሁዳዴ ላይ በፆም ተዳክመው፣ ድግስ ሲደርስ አይንገር። "ካንቺ የሚያስጠላኝ ነገር የለም፣ ይሄ ከልጅነቴ ጀምሮ ያለብኝ ነገር ነው፣ ሳትሰሚው እንድትኖሪ ማድረጉ በደል ስለሆነብኝ ነው" ማለት ይቻላል፣ ከዛ ዝም ብሎ የምትለውን መስማት፣ ብታለቅስም ብትጮህም። መልስ ዛሬውኑ አትጠብቅ።

ከዛ በኋላ ትዳሮቹ የተለያየ መንገድ ይሄዳሉ። አንዳንዱ ይለያያል። ክልላችን የራሱ የቤተሰብ ህግ አለው፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ በስምምነት መፋታት ይቻላል፣ አብረው ያፈሩት ንብረት የጋራ ነው፣ "አልተስማማንም" ብሎ መለያየትም ለልጆቹ ክብር የሚበጅ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ አብሮ ይኖራል፣ እሱ ሌላ ነገር ላይሄድ ቃል ገብቶ፣ እሷም እውነቱን ይዛ፣ አልጋ ለይተውም ይሁን ሳይለዩ፣ ልጆቻቸውን እያሳደጉ እንደ ወንድምና እህት ተከባብረው። ይሄኛው ከውጭ ሲታይ ሽንፈት ይመስላል፣ ግን ሁለቱም አውቀውና ፈቅደው ከሆነ እኔ አከብረዋለሁ። የማላከብረው እሷ ሳታውቅ የሚቀጥለውን ነው። አንዳንድ ሰው ደግሞ ሁሉን ጥሎ አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ይጠፋል፣ ስልኩን ዘግቶ። ቀውሱ ሲግል እንደዛ ማድረግ ያምራል፣ ግን አርባዎቹ ላይ በአንድ ወር ውስጥ የተወሰነ ትልቅ ውሳኔ ብዙ ጊዜ ይፀፅታል፣ ልጆች ደግሞ አባታቸው የጠፋበትን ምክንያት ካልነገሯቸው ራሳቸው ላይ ነው የሚያደርጉት። ስለዚ በዛ ወቅት ቤት አትሽጥ፣ ስራ አትልቀቅ፣ አትፈርም፣ ስድስት ወር ስጠው።

ሽማግሌ መሰብሰብ ይሻላል ወይ? ለሌላ ጠብ አዎ፣ ሽምግልና ብዙ ቤት ያቆማል። ለዚህ ግን አልመክርም፣ ሶስት አራት ሰው ሰማ ማለት ሰፈሩ ሰማ ማለት ነው። የነፍስ አባት ይለያል፣ የንስሐን ምስጢር ማውጣት ለካህኑ ራሱ ትልቅ ጥፋት ስለሆነ፣ ረጋ ያሉ አባት ካሉህ ሂድ። ከዛ ሌላ የስነአእምሮ ህክምና አለ፣ ባህር ዳር ፈለገ ህይወትና ጥበበ ግዮን፣ ማርቆስም ሆስፒታሉ ጋ። ሰው "የእብድ ሀኪም ቤት ሄደ" እንዳይሉኝ ብሎ ይፈራል፣ ግን እዛ ወረፋ ላይ የተቀመጡት ብዙዎቹ እንቅልፍ ያጡ፣ ያዘኑ፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ናቸው።

እና ገብተህ "ምን ሆነህ መጣህ" ሲሉህ ሁሉንም በአንድ ቀን መናገር የለብህም። "እንቅልፍ የለኝም፣ ልቤ ይጨንቀኛል፣ መኖር ሰልችቶኛል" ማለት ይበቃል፣ እሱ ራሱ እውነት ነው፣ ህክምናውም ከዛ ይጀምራል። ራስህን የመጉዳት ሀሳብ ካለህ ግን ያንን በመጀመሪያው ቀን ተናገር፣ አትደብቅ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ታካሚ ወይ አስታማሚ ካለ "ለብቻ ላናግርዎት እፈልጋለሁ" በል፣ መብትህ ነው። ሁለተኛ ወይ ሶስተኛ ቀጠሮ ላይ፣ ሰውየው ወይ ሴትየዋ ሲያዳምጡህ አይተህ ካመንካቸው፣ "ለሰው ተናግሬው የማላውቅ ነገር አለ፣ የማወራው መዝገብ ላይ እንዴት ነው የሚፃፈው?" ብለህ ጠይቅ። የሚሰጡህ መልስ ካላረጋጋህ የዛን ቀን አትናገር፣ ሌላ ባለሙያ ፈልግ፣ ካረጋጋህ ግን ተናገር።